ማሳውን አጥብቆ ገበያውን የለቀቀ ትርጉም

ሄምፕ እና ማሪዋና አንድ ተክል ናቸው፤ ሁለቱም ካናቢስ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው የእርሻ ሕግ የለየቻቸው በአንድ ቁጥር ነው። ዴልታ 9 ቲኤችሲ የተባለው አደንዛዥ ንጥረ ነገር በደረቅ ክብደት ከ0 ነጥብ 3 በመቶ ካልበለጠ ተክሉ ሄምፕ ነው፤ ለቃጫም ለዘርም ይመረታል።

ክፍተቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ገደቡ የተቀመጠው ለዴልታ 9 ብቻ በመሆኑ አቀነባባሪዎች ከሄምፕ ከሚገኘው ሲቢዲ ዴልታ 8 የተባለውን ሌላ አደንዛዥ ንጥረ ነገር አዘጋጅተው በከረሜላ መልክ ጭምር ሸጡ። የአርሶ አደሩ ሰብል ግን ከመሰብሰቡ በፊት ባሉት 30 ቀናት ናሙና ይወሰድበታል፤ ሲሞቅ ወደ ቲኤችሲ የሚለወጠውም ተደምሮ ይሰላል። ከገደቡ ካለፈና ማስተካከል ካልተቻለ ይወገዳል፤ ኪሳራው የአርሶ አደሩ ነው።

ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ገደቡ ጠቅላላ ቲኤችሲን እንዲያካትት፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ሥራ ላይ እንዲውል ወስኗል። እርምጃው ተገቢ ቢሆንም ዘግይቷል። የሰብልን ትርጉም የሚያረቅቅ አካል ከማሳው እስከ ሱቁ መደርደሪያ ያለውን መንገድ አስቀድሞ ሊያይ ይገባል። አለዚያ ለአርሶ አደሩ የወጣ ሕግ ለሌላው መሸሸጊያ ይሆናል።