ካልሲ ውስጥ የገባ እጅ

በፖለቲካችን «አሻንጉሊት» ስድብ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ የሚንቀሳቀስ፣ የራሱ ፈቃድ የሌለው ማለት ነው። በቤታችን ደግሞ የሚያለቅስ ልጅ ማባበያ ነው። ትልቁ የትያትር ጥበብ በሁለቱ መካከል ተረስቷል።

ቡንራኩ የተባለውን የጃፓን የአሻንጉሊት ትያትር ያየ ሰው ቃሉን ለስድብ አያውለውም። አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ሰዎች ይይዙታል፦ ዋናው ባለሙያ ራሱንና ቀኝ እጁን፣ ሁለተኛው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሮቹን። ጀማሪው ከእግር ይነሣል፤ ራሱን ለመያዝ እስኪበቃ ዐሥርት ዓመታት ያልፋሉ።

እያንዳንዱ ዓይነት የየራሱ ብልሃት አለው። ማሪዮኔት ከላይ በክር ይያዛል። የሲሲሊው ፑፒ ግን ሰይፍ የሚማዘዝ ጦረኛ ስለሆነ ራሱና ቀኝ እጁ በብረት ዘንግ ይንቀሳቀሳሉ። በጃቫ ደሴት ዳላንግ የሚባለው ባለሙያ ከጎሽ ቆዳ የተቀረጹ ምስሎችን በመብራትና በነጭ መጋረጃ መካከል ያጫውታል፤ የሁሉንም ድምፅ ብቻውን እያወጣ፣ ሙዚቀኞቹንም እየመራ ያነጋል። የቬትናሞቹ ደግሞ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው፣ በውሃው ሥር በተዘረጋ ዘንግ የእንጨት ዘንዶዎቻቸውን ያስዋኛሉ።

አፍሪካም ተመልካች ብቻ አይደለችም። የኬፕታውኑ የአሻንጉሊት ትያትር ቡድን ሃንድስፕሪንግ እ.ኤ.አ. በ2007 ለለንደን መድረክ የሠራውን ፈረስ ሦስት ሰዎች ያንቀሳቅሱታል። ተመልካቹ ሰዎቹን እያየ ይረሳቸዋል፤ ፈረሱ ይተነፍሳልና።

በእኛም አገር መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው ከካልሲ በተሠራች ቀጭኔ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ጀመሩ። ዝግጅቱ በቴሌቪዥን ሕፃናትን በአማርኛ አስተማረ፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አገኘ። ብዙ ገንዘብ የሌለው አገር በዚህ ጥበብ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ የመምህራን ኮሌጆች አሻንጉሊት መሥራትንና ማጫወትን በትምህርታቸው ሊያካትቱ፣ ትያትር ቤቶችም መድረክ ሊሰጡት ይገባል። መነሻው ቀላል ነው፤ አሮጌ ካልሲ፣ ሁለት ቁልፎች፣ መርፌና ክር። አውራ ጣት የታች መንጋጋ፣ አራቱ ጣቶች የላይኛው ይሆናሉ። አፉ በየቃሉ ድምፅ ይከፈታል፤ ዓይኖቹ ሁልጊዜ ወደ ልጁ ይመለከታሉ። መምህሩን የሚያፍረው ልጅ ያን ጊዜ ለአሻንጉሊቱ ስሙን ይነግረዋል።