ሁለት ስም ያለው ክርስቲያን

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለ ዳግመኛ መወለድ ሲነገር ነገሩ የእኛ ያልሆነ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ስብከት መስሎ የሚሰማህ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለአንተ ነው። በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ደጋ «እኔ ክርስቲያን ሆኜ ተወልጃለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ ይህን አነጋገር አልቀበለውም። ከክርስቲያን አባትና እናት መወለድ አለ እንጂ ክርስቲያን ሆኖ መወለድ የለም። ይህ ባይሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ባላጠመቀች ነበር።

እስኪ የጥምቀቱን ሥርዓት አስተውል። ሕፃኑ በክርስትና አባቱ ክንድ ላይ ሆኖ ይቀርባል። ፊቱ ወደ ምዕራብ ተመልሶ ሰይጣን ይካድለታል፤ ቀጥሎም ወደ ምሥራቅ ዞሮ የክርስቶስ እምነት ይነገርለታል። ሦስት ጊዜ በውሃ ይጠመቃል፤ ቅብዐ ሜሮን ይቀባል፤ ማዕተብ ይታሰርለታል፤ ዐዲስ ስምም ይሰጠዋል። ልደቱ ይህ ነው። ነገር ግን የካደውም ያመነውም አፍ የሕፃኑ አይደለም፤ ሌላ ሰው ዋስ ሆኖለት ነው። ዋስ ማለት ምን እንደ ሆነ በአገራችን ያልተማረ ሰው እንኳ ያውቃል። ዋስ የተጠራለት ሰው ቀኑ ሲደርስ ራሱ ካልቀረበ ዋሱ ያፍራል። ዐዲስ ሕይወት የምለውም ይህንኑ ነው፤ ሕፃን ሳለህ በሌላ አፍ የተገባልህን ቃል፣ ነፍስ ካወቅህ በኋላ በራስህ አፍና በራስህ ኑሮ መፈጸም ነው።

«እኔስ በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በፋሲል ባሕረ ጥምቀት እታደሳለሁ» የሚል አይጠፋም። በከተራ ታቦታቱ ወርደው ያድራሉ፤ በማግሥቱ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የገባው ውሃ ይባረካል፤ ጐረምሳው ሁሉ እየዘለለ ይገባል። እውነትም ልብ ደስ የሚያሰኝ በዓል ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዩኔስኮ የጥምቀትን በዓል በማይዳሰስ የዓለም ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ይሁን እንጂ ያ ዝላይ የጌታ ጥምቀት መታሰቢያና በረከት ነው እንጂ ሁለተኛ ጥምቀት አይደለም። በበረከቱ ውሃ ገላውን ብቻ አርሶ የሚወጣ ሰው፣ ልብሱ ሲደርቅ የትናንቱ ሰው ነው።

ሁለተኛ ጥምቀት እንደሌለ የአገራችን ታሪክ በደም ጽፎታል። ዐፄ ሱስንዮስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1622 የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ አዘዙ። ይህ ትእዛዝ ለባላገሩ «እስከ ዛሬ አረማዊ ነበርህ» እንደ ማለት ሆነበት። አገር ሸፈተ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ በመጨረሻም በ1632 ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ነገሡ፤ በ1636 ገደማም ጎንደርን ቈረቈሩ። እኛ በዚህ ታሪክ እንመካለን፤ መመካታችንም አይነቀፍም። ግን ሒሳቡን እንየው። አባቶችህ የሞቱለት ጥምቀት አንድ ብቻ ከሆነ፣ ያንን አንዱን ካጐደፍኸው የምታነጻው በሌላ ውሃ አይደለም። የቀረልህ መንገድ ንስሓና ኑሮ ብቻ ነው።

ይህም ኑሮ በደጋው አገር የሚፈተነው በደም ነገር ላይ ነው። ሕፃኑ ገብረ ክርስቶስ ወይም ወልደ ሚካኤል ተብሎ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። አባቱ ወይም አጎቱ በሰው እጅ የሞተበት እንደ ሆነ ግን ከቤት ሲደርስ ደመላሽ ተብሎ ይጠራል። በዚህ ስም የሚጠራውን ሰው አልነቅፍም፤ ስሙን ራሱ አልመረጠውምና። የምነቅፈው ስሙን እንደ ዕዳ የሚያስከፍለውን ልማድ ነው። ልጁ ገና ከብት ጠባቂ ሳለ በሠርግ ቤት በፉከራ፣ በለቅሶ ቤት በሙሾ ዕዳው ይነገረዋል። ጐልምሶ ሳይገድል ቢቀር «እርሱም ወንድ ሆኖ!» ይባላል። ገዳዩን ባያገኝ የገዳዩን ወንድም ይገድላል፤ ያም ቤት በተራው ሌላ ደም መላሽ ያሳድጋል። ሁለቱም ፍልሰታን ይጾማሉ፤ ሁለቱም ማኅበር ይጠጣሉ፤ የሁለቱም ማዕተብ ከአንገታቸው አይወርድም። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት በየትኛው ስማቸው ነው?

«ታዲያ የአባቴ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ገዳይ በነጻ ይሂድ አላልሁም። ዳኛ አለ፤ ወንጀለኛን ለሕግ መስጠት በቀል አይደለም። ሽማግሌም አለ፤ ካሣ ተክፎ፣ ካህን መስቀል ይዞ በመካከል ቆሞ ስንት የደም ዕርቅ ወርዷል! እኔ የምለው ያልበደለህን ሰው ደም በአባትህ ስም አታፍስስ ነው። የአባትን ደም ደመ ከልብ የሚያደርገው፣ ልጁ በእርሱ ምክንያት ነፍሰ ገዳይ መሆኑ ነው።

ካህናቱንም ዝም ብዬ አላልፍም። የነፍስ ልጁ ቂም ቋጥሮ ጠመንጃውን ሲወለውል እያየ፣ ስለ ጾሙ ብቻ ጠይቆ የሚፈታ የንስሓ አባት የማንን ነፍስ ጠበቀ? በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላምታ የሚሰጣጠው ለይምሰል አይደለም።

ይቅር ማለት ፍርሃት የሚመስልህ ከሆንህ የሙሴ ጸሊምን ታሪክ ልንገርህ። ይህ ኢትዮጵያዊ የሚባለው ሰው በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር በጉልበቱ የታወቀ የወንበዴ አለቃ ነበር። ኋላ ተመልሶ በአስቄጥስ በረሓ መነኰሰ። አንድ ቀን አራት ወንበዴዎች በዓቱን ሲዳፈሩ ብቻውን ይዞ አሰራቸው፤ እንደ ጆንያም ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና «እኔ ሰው መጕዳት አልተፈቀደልኝም፤ ምን ላድርጋቸው?» ብሎ አባቶችን ጠየቀ ተብሎ ይተረካል። ሰዎቹም ማንነቱን ባወቁ ጊዜ እንደ እርሱ መነኰሱ። አስተውል፤ ጉልበቱ አልተወሰደበትም፤ የተለወጠው የጉልበቱ ጌታ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የክርስትና ስምህን የማታውቅ ከሆንህ ዛሬውኑ እናትህን ጠይቃት። የክርስትና አባትህ በሕይወት ካለ ሂድና «ስለ እኔ የገባኸውን ቃል አሁን እኔ ራሴ ተቀበልሁት» በለው። ቂም ካለብህም ለንስሓ አባትህና ለሽማግሌ አስረዳ። ስትቈርብ የምትጠራው በዚያ ስም ነው፤ በሞትህም ቀን ካህኑ ጸሎተ ፍትሐት የሚያደርስልህ በዚያው ስም ነው እንጂ በፉከራ ስምህ አይደለም። ሳይኖሩበት በቀሩት ስም ወደ መቃብር ከመውረድ ይሰውርህ።