ፍል ውኃው ለማን ነው?

ከተማ በገበያ ወይም በቤተ መንግሥት አጠገብ እንደሚቆረቆር ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ገላውን ለመታጠብ በመጣበት ስፍራ የተቆረቆረም አለ፤ ለዚህም ከገላን ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ጎረቤታችን አዲስ አበባ ራሷ ምስክር ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፊንፊኔ ፍል ውኃ ይታጠቡ ነበር። ስፍራውን ስለ ወደዱትም ቤት እንዲሠራላቸው ዳግማዊ ምኒልክን ለመኑ፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱ ተቆረቆረች፤ መኳንንቱም ቦታ እየተመሩ ዙሪያውን ሰፈሩ። ነገሩ አያስደንቅም፤ ለፍል ውኃ የመጣ ሰው ቶሎ አይመለስም፤ የሚቆይ ሰው ደግሞ መኝታም እንጀራም ይፈልጋል።

በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። ዛሬ በየፎቁ «ስፓ» ተብሎ የሚለጠፈው ቃል በማዕድን ውኃዋ የታወቀች የአንዲት ትንሽ የቤልጅግ ከተማ ስም ነው። በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባለው ከተማ ሮማውያን የሠሩት መታጠቢያ አሁንም ይታያል። ዩኔስኮም በ2021 እ.ኤ.አ. እነዚህን ሁለቱን ጨምሮ በ7 አገሮች ያሉ 11 የመታጠቢያ ከተሞችን በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

እኔን ግን ይበልጥ የምትማርከኝ የጃፓኗ ቤፑ ናት። በርስዋ ከ2000 በላይ የፍል ውኃ ምንጮች ይገኛሉ። ትልልቅ ሆቴሎች ሞልተዋታል፤ ሆኖም በየሰፈሩ ጎረቤቱ ራሱ የሚያስተዳድረው ትንሽ መታጠቢያ ቤት አለ። ነዋሪው ልክ እንደ እኛ እድር በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ ተራ ገብቶም ገንዳውን ያጥባል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ምድራችን በስምጥ ሸለቆ የተሰነጠቀች ስለ ሆነች የዝናብ ውኃ ወደ ጥልቁ ሰርጎ በውስጥ ባለው ትኩሳት ይሞቅና ተመልሶ ይመነጫል። ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት፣ ወሊሶ፣ አምቦ፣ በደቡብ ጎንደርም ዋንዛዬ አሉን። ነገር ግን ስለ ፍል ውኃ ሲወራ የምሰማው ሁሉ ስለ ሪዞርትና ስለ ውጭ ምንዛሪ ነው። እንግዳ አይምጣ ማለቴ አይደለም፤ ገንዘቡም ያስፈልገናል። ቢሆንም ከእንግዳው በፊት ሊታሰብለት የሚገባ ሰው አለ።

አያቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ታክሲ እየለወጡ እስከ ፍል ውኃ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም ሁለት ሦስት ቀን ያለ ምርኩዝ ይራመዳሉ። ፈውስ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ሙቅ ውኃ ጅማትን ማፍታታቱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ከፋብሪካ አቧራ ለብሶ ወጥቶ ቤቱ በጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ የሚታጠበውንም ሠራተኛ አስቡት። ይህ ሰው የመዋኛውን ዋጋ ከየት ያመጣል?

የብዙ ሰው መታጠቢያ ቶሎ ይቆሽሻል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቤፑዎች ይህንኑ ስለሚያውቁ ነው ተራ የገቡት። እኛም ብንሆን ለቅሶ ቤት ድንኳን የምንተክለው፣ ወንበር የምናመላልሰው ማን አስገድዶን ነው?

ስለዚህ ወደፊት በየትኛውም ፍል ውኃ አዲስ ሕንፃ ሲጀመር ቀድሞ የሚቆመው ተራው መታጠቢያ ቤት ይሁን፤ ክፍያው አነስተኛ፣ ደረጃው ዝቅ ያለ፣ በግድግዳውም ላይ የእጅ መያዣ ብረት ይኑረው። አያቴን ብትጠይቋቸው፣ ከጉልበታቸው ሕመም ይልቅ የሚፈሩት የሚያዳልጠውን ወለል ነው።