ሀገር የተቀበለ ጠያቂ ይፍታ!

እንቆቅልሽ ሕግ አለው። የተረታው ሀገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም ሀገሩን ከተቀበለ በኋላ ምስጢሩን የመፍታት ግዴታ አለበት። በጣና ዳር ያለ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀውን ይህን ሕግ ግን የትምህርት ቤቱ የሒሳብ ጥያቄና መልስ ውድድር ዘንግቶታል። ተወዳዳሪው «ስንት ነው?» ይባላል፤ ከፈጠነ ይጨበጨብለታል፤ ከዘገየ ይሳቅበታል። «ስለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም።

«ፍጥነት ወጣቱን ያነቃቃል» የሚሉ ይኖራሉ። ያነቃቃል፤ ማስተዋልን ግን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ1535 በኢጣልያ ታርታሊያና ፊዮሬ በ30፣ 30 የሒሳብ ጥያቄ ተፋልመው ታርታሊያ ረታ። ዓለምን የጠቀመው ግን ድሉ አይደለም፤ እሱ ደብቆት የቆየውና ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 አሳትሞ የገለጠው የአፈታት ዘዴ ነው።

ለምሳሌ ባሕር መሻገርም አያስፈልግም። የአብነት ትምህርት ቤቱ ባሕረ ሐሳብ አለ። በ2016 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር 7516 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ይወጣል። ድምራቸው 30 ነው።

ይህን በቃሉ የሚያሰላ ደቀ መዝሙር ሊመሰገን ይገባዋል። ድምሩ ዘወትር 30 የሚሆነው ስለምን እንደሆነ የጠየቀው ግን ከስሌት ወደ ሳይንስ ተሻገረ። 11ና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ፣ ወንበሩ የቱንም ያህል ቢሆን የሁለቱ ብዜቶች ድምር የ30 ብዜት ነው። 11 ራሱስ ከየት መጣ? የ365 ቀኑ የፀሐይ ዓመት የ354 ቀኑን የጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ልዩነት ነው።

ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1963 ፖሊቴክኒክ፣ በ1972 የመምህራን ትምህርት አካዳሚ የተቋቋሙባት፣ ኋላም ሁለቱ በዩኒቨርሲቲ የተዋሐዱባት ከተማ ናት። የአብነቱ ተማሪና የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በአንድ አደባባይ ቢጠያየቁ፣ አንደኛው የቃል ስሌቱን፣ ሌላኛው የማስረጃ ሥርዓቱን ይዞ ይመጣል። ከዚህ የበለጠ ምን ውድድር አለ?

ስለሆነም መምህሩ ነጥብን ለመልስ ብቻ ሳይሆን ለምክንያትም ይስጥ። የኪነት ሰውም መድረኩን የተሸናፊ መሳለቂያ አያድርገው። ወጣቱ ሀገር ሰጥቶ ባዶ እጁን ከተመለሰ ሒሳብን ይሸሻል፤ የነገዋም ኢትዮጵያ መሐንዲሷንና መምህሯን ታጣለች። ሀገር የተቀበለ ጠያቂ ይፍታ!