ልጁን ከመቆጣታችን በፊት ዴስኩን እንለካ

«ቀና ብለህ ተቀመጥ!» ይህችን ቁጣ ሳይሰማ ያደገ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ነገ ደግሞ ተቆጪዎቹ እኛው እጩ መምህራን ነን። ለመሆኑ ልጁ የጎበጠው በስንፍና ነው ወይስ በመቀመጫው ምክንያት?

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ወቅት ከአንደኛ ክፍል ኋላ ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። ሦስት ሕፃናት በአንድ ዴስክ ላይ ተደርድረዋል። እግራቸው መሬት አይነካም፤ ይንጠለጠላል። መጻፊያው ደረታቸው ድረስ ስለሚመጣ ሲጽፉ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይወጣል። በስምንተኛ ክፍል ደግሞ ረጅሙ ጎረምሳ በዚያው ልክ በተሠራ ዴስክ ላይ ተጣጥፎ ይጽፋል። ጫማ እንኳ በልክ ይገዛል እኮ!

የቢሮ ሠራተኛ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩን ከሥሩ ባለችው እጀታ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። የእኛ ዴስክ ግን አንዴ በሚስማር ተመትቶ ቀርቷል። ሆኖም ደንቡ ለሁለቱም አንድ ነው፦ የእግር መዳፍ ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጥ፤ ጉልበት 90 ዲግሪ ያህል ይታጠፍ፤ በመቀመጫው ጠርዝና በጉልበት ኋላ መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፤ ወገብ መደገፊያ ያግኝ፤ መጻፊያው ከክርን ጋር ይስተካከል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም ቢሆን በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደረጃ የትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ በተማሪው ቁመት ልክ በየመጠኑ እንዲሠራ አመልክቷል።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም። ማሻ የቀርከሃ አገር አይደለም እንዴ? ጥቂት ቀርከሃ ጎን ለጎን አስሮ ለትንንሾቹ የእግር መርገጫ መሥራት ያን ያህል አይከብድም። አጫጭሩን ዴስክ ለታችኛው ክፍል፣ ረጃጅሙን ለላይኛው ማዛወርም ሳንቲም አያስወጣም። አዲስ ዴስክ ሲታዘዝ ደግሞ የልጆቹ ቁመት፣ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ያለው ልክ ጭምር፣ ለአናጢው ይነገረው።

እርግጥ ነው፣ የተስተካከለ ዴስክም ቢሆን ብዙ ሲቀመጡበት ያደክማል። በ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አጋማሽ ላይ ልጆቹን አስነስቶ ለአንድ ደቂቃ ማንጠራራት ትምህርት አያጓድልም። መምህር ቆሞ ስለሚውል የተቀማጩን ድካም ይረሳል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ከጠመኔው ጋር አንዲት ሜትር፣ ካልተገኘችም ገመድ፣ ይዘን ወደ ክፍል እንግባ። መጀመሪያ እንለካ፤ ቁጣው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።