ተሳቢው የጎማ መጦሪያ አይደለም

በከባድ መኪና ባለንብረቶች ዘንድ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው አንድ ደንብ አለ፦ አዲስ ጎማ ለፊት፣ የፊቱ ለኋላ፣ የኋላው ለተሳቢ። ገንዘብ ሲገኝ ሁለት ጎማ ይገዛና መሪው ላይ ይታሰራል። ከመሪው የወረደው ወደ ጎታቹ የኋላ እግር ያልፋል። ከዚያ የተነሣው፣ ጥርሱ ያለቀው፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀው፣ ጎሚስታ ቤት ተመላልሶ የተለጠፈው ደግሞ “እዚያ ይጨርስ” ተብሎ ተሳቢው ላይ ይገጠማል። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ወጥተው በጎሮ በኩል ወደ ቦሌ ለሚ፣ ወደ ሰሚትና ወደ አያት ከሚያልፉት ባለተሳቢ መኪኖች የብዙዎቹን ጎማ ከፊት ወደ ኋላ እየተከተለ የተመለከተ ሰው ደንቡን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ይህ ልማድ በቁጠባ ስም የሚፈጸም ጥፋት ነው። ተሳቢ እንደ ጎታቹ ሁሉ ከባድ ጭነት ይሸከማል፣ በዚያው ፍጥነት ይሄዳል፣ በዚያው አስፋልት ላይ ከሚኒባስ፣ ከባጃጅና ከእግረኛ ጋር ይጋፋል። ሕጉም የራሱ ሰሌዳ ያለው ተሽከርካሪ አድርጎ ይቆጥረዋል። ለጎማ ምርጫ ሲመጣ ግን እንደ ትርፍ ዕቃ ይታያል።

ልማዱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አለመሆኑን መቀበል ተገቢ ነው። የመሪ ጎማ ሲፈነዳ መኪናው ወደ ፈነዳበት ወገን ይስባል፤ አሽከርካሪው መሪውን ለመያዝ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ስለዚህ ምርጡ ጎማ ፊት ይሁን የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው። በውጭው ዓለምም ትልልቅ የትራንስፖርት ድርጅቶች የመሪ ጎማን አውርደው ወደ ኋላ ያዞራሉ፤ ላዩ እንደገና የታደሰ ጎማም ተሳቢ ላይ ይገጥማሉ። እነሱ ዘንድ ግን ጎማው የሚወርደው ገና በቂ ጥርስ እያለው ነው፤ ውስጡ ተመርምሮ፣ የተሠራበት ጊዜ ታይቶ፣ የሚገጠምበትን እግር ሸክም መቻሉ ተረጋግጦ ነው። እኛ ከዚህ አሠራር የወሰድነው ማዞሩን ብቻ ነው። ምርመራው ተትቷል፤ የመጨረሻ ገደብ የሚባል ነገርም የለም። ጎማው ተሳቢው ላይ የሚቆየው እስኪፈነዳ ድረስ ነው።

ተሳቢ ላይ ያለ ጎማ ከሌላው የበለጠ የሚፈተንባቸው ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው አሽከርካሪው የማይሰማው መሆኑ ነው። የፊት ጎማ አየር ሲጎድል መሪው ይናገራል፤ ተሳቢው ላይ በጥንድ ከታሰሩት ጎማዎች የውስጠኛው ሲተነፍስ ግን ጋቢና ውስጥ ላለ ሰው ምንም ምልክት ላይደርሰው ይችላል። ይህ ለምን አደገኛ እንደሆነ ከጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ይናገራል። በ315/80 አር 22.5 ጎማ ላይ 156/150 የሚል ተጽፎ ብናገኝ፣ 156 ማለት ጎማው ብቻውን ሲታሰር 4,000 ኪሎ፣ 150 ማለት ደግሞ ጥንድ ሆኖ ሲታሰር እያንዳንዱ 3,350 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ጥንዱ በአንድነት እስከ 6,700 ኪሎ ይሸከማል። አንዱ አየር ሲያጣ ያ ሁሉ ሸክም ቢበዛ 4,000 ኪሎ በሚችለው በሁለተኛው ላይ ይወድቃል። ጎማው ይታጠፋል፣ ይግላል፣ ውስጡ ያለው ሽቦና ላስቲክ ይለያያል። የተነፈሰው ደግሞ ከጎኑ ካለው ጎማ ጋር እየተፋተገ ይሄዳል። መጨረሻው ፍንዳታ ነው፤ ሲከፋም እሳት ነው። ይህ የሚደርሰው ጤነኛ ጎማ ላይ ሳይቀር ነው። ዕድሜውን ሌላ እግር ላይ ጨርሶ የመጣ ጎማማ ምን ጉልበት ቀርቶት ይችለዋል?

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገራችን የገቢ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትገኝ ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ናት። በመካከሉ ጋላፊ፣ ሰመራ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ አሉ። በአፋር ሙቀቱ በሞቃቱ ወቅት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አስፋልቱ ከአየሩም ይብሳል። ባለተሳቢው ይህን ቆላ ጭኖ የሚያቋርጠው ባብዛኛው ከወደብ ሲመለስ ነው፤ ከዚያም ያን ሁሉ ጭነት ይዞ ወደ ደጋ ይወጣል። የጎማ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። ሙቀትን የሚወልዱት ደግሞ ከልክ ያለፈ ጭነት፣ የጎደለ አየርና ፍጥነት ናቸው፤ በዚህ መንገድ ላይ ሦስቱም ይገናኛሉ። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድ ጉዞውን አሳጥሯል። ያረጀ ጎማ ግን በፒስታ ላይ በቀስታ ሲሄድ ደብቆት የኖረውን ድክመት ፍጥነት መንገድ ላይ ሊደብቀው አይችልም።

በዚህ ላይ የተሳሳተ ምክር ይጨመርበታል። “ቆላ ሲገባ አየሩ ይጨምራል፣ አስተንፍሰው” የሚል ሰው በየመቆሚያው አይጠፋም። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ጎማ በጉዞ ሲግል የአየር ግፊቱ መጨመሩ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ሠሪዎቹም ይህን አስበው ነው የሚሠሩት። በግለቱ ጊዜ አየር የቀነሰ ሰው ጎማው ይበልጥ እንዲታጠፍና ይበልጥ እንዲግል አድርጓል። አየር የሚለካው ጎማው በቀዘቀዘ ጊዜ፣ ጠዋት ከመነሣት በፊት፣ በመለኪያ ነው። ረዳቱ በብረት እየመታ ድምፁን ማዳመጡ ፈጽሞ የተነፈሰውን ከመለየት አያልፍም። ከሚገባው አየር 20 በመቶ የጎደለው ጎማ በባለሙያዎች ዘንድ እንደ ተነፈሰ ይቆጠራል፤ በብረት ሲመታ ግን ድምፁ ደህና ነው።

ሦስተኛው ምክንያት አጣማመዱ ነው። ጥንድ ሆነው የሚታሰሩ ጎማዎች ቁመታቸው እኩል መሆን አለበት። አንዱ ባለ ጥርስ ሌላው ያለቀ ከሆነ፣ ረጅሙ ሸክሙን ብቻውን ይወስዳል፤ አጭሩ አስፋልቱን እየቧጠጠ ይጎተታል። ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። ናይለን የሚባለውንና ራዲያል የሚባለውን የጎማ ዓይነት በአንድ እግር ላይ ማጣመር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ሁለቱ በጭነት ጊዜ የሚታጠፉበት መንገድ የተለያየ ነውና። ተሳቢን “የተገኘው ይታሰርበት” ካልን ይህ ሁሉ መደባለቅ የማይቀር ውጤት ነው።

ወደ ገበያው እንምጣ። ጎማ ሊገዛ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ነው? የየት አገር ነው? ዋጋውን መጠየቅ ያለ ነው። አገሩ ግን ብዙ አይነግረንም። “ቻይና ነው” ብሎ መናቅም፣ “ጃፓን ነው” ብሎ ማመንም ጎማው ላይ የተጻፈውን አለማንበብ ነው። ቻይና ውስጥ ጥሩም መናኛም ጎማ ይሠራል። ዓመታትን ሱቅ ደጃፍ በፀሐይ ሲጠበስ የከረመ የጃፓን ጎማ ባለፈው ዓመት ከተሠራ የቻይና ጎማ የግድ ይሻላል ብሎ የሚምል ባለሙያ አይገኝም።

ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። የሚችለው ጭነት ስንት ነው? ከላይ ያየነው ቁጥር መልሱን ይሰጣል፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደልም የፍጥነት ገደቡን ይናገራል፦ ጄ 100፣ ኬ 110፣ ኤል 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት። መቼ ተሠራ? ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ያመለክታሉ። 2319 የሚል ጎማ በ2019 በ23ኛው ሳምንት፣ በእኛ ግንቦት 2011 መገባደጃ ላይ የተሠራ ነው። ታዋቂ ጎማ ሠሪዎች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲወገድ ይመክራሉ። ለየትኛው እግር የተሠራ ነው? ዙሪያውን የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ያለው ለመሪና ለተሳቢ ይስማማል፤ በጉልህ የተቆራረጠ ጥርስ ያለው ደግሞ የሞተሩ ኃይል ለሚደርሰው እግር ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ጎማውን አያውቀውም፤ ከፍሎበታል እንጂ።

“ገንዘቡ ከየት ይምጣ?” የሚለው ክርክር እውነተኛ ክርክር ነውና ሊናቅ አይገባም። “አዲስ ጎማ” በተባለው ፋብሪካ የተጀመረው የአገር ውስጥ ምርት፣ ዛሬ ሆራይዘን አዲስ ጎማ በሚል ስም ቢቀጥልም፣ የከባድ መኪናው ገበያ በውጭ ምንዛሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ የባለንብረቱን ወገብ አጉብጧል። ነገር ግን ውድነቱ ራሱ ነው ስሌቱን እንድንቀይር የሚያስገድደን። የጎማ ዋጋ የሚታወቀው በኪሎ ሜትር ሲካፈል ነው። እንበል አንዱ በ60,000 ብር ተገዝቶ 80,000 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ ሌላው በ42,000 ብር ተገዝቶ 45,000 ሄደ። የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር 75 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 93 ሳንቲም ፈጅቷል። ርካሹ የቱ ነው? በዚህ ላይ ተሳቢው ጎማ ሲያፈነዳ የሚጠፋው ቀን፣ የሚበላሸው ቸርኬ፣ የሚቀጣጠለው ጭነት፣ በአፋር በረሃ በሌሊት ክሪክ አስገብተው ስኮርታ የሚቀይሩት የአሽከርካሪውና የረዳቱ ሕይወት አለ። ለጎማ የሳሳ ባለንብረት መኪናውን ሲያጣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይደርሳል።

ከገንዘቡ በላይ የሚቆረቁረኝ የፍትሕ ጉዳይ ነው። አደጋ ሲደርስ “ጎማ ፈንድቶ” እንላለን። ቃሉ ከሰማይ የወረደ መዓት ያስመስለዋል። ከዚያ ደግሞ አሽከርካሪው ተጠያቂ ይሆናል። አሽከርካሪው ግን ጎማውን አልገዛውም፤ ተሳቢው ላይ እንዲታሰር አልወሰነም። “አልነዳም” ቢል ነገ በሌላ ሰው እንደሚተካ ያውቃል። ሚስማር ወግቶት ወይም ድንጋይ ቆርጦት የሚፈነዳ ጎማ አለ። ዕድሜው ያለፈ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ፣ ከማይመጥነው ጋር የተጣመረ ጎማ ግን የሚፈነዳው በገዢውና በገጣሚው ውሳኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው 26.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ጎማ ነው የሚል የለም። ጎማ ግን ከምክንያቶቹ መካከል ገና ከጉዞው በፊት፣ በሱቅ ደጃፍ ልናስቀረው የምንችለው ነው።

ስለዚህ ከየድርሻው የሚጠበቅ አለ። የተሽከርካሪ ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገ ግዴታ ነው። ቦሎ የሚሰጡ የምርመራ ተቋማት ጥርስ አይተው እንዳያልፉ፤ የጭነት ቁጥሩንና የተሠራበትን ጊዜ አንብበው ይመዝግቡ፣ ተሳቢውንም እንደ ጎታቹ እኩል ይፈትሹ። ጎማ ሻጮች ደረሰኙ ላይ የጭነት ቁጥሩንና የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይጻፉ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም። ኢንሹራንሶች ውል ሲያድሱ የተሳቢውን ጎማ ሁኔታ ይጠይቁ። የጭነት ትራንስፖርት ማኅበራት ለአባሎቻቸው በጋራ ቢገዙ ዋጋም ይቀንሳል፣ መርጦ መግዛትም ይቻላል። ፖሊስ የአደጋ መዝገብ ሲከፍት “ጎማ ፈነዳ” ብሎ እንዳይዘጋው፤ መቼ ተሠራ፣ ስንት ይችላል፣ ማን ገዛው ብሎ ይጠይቅ።

ባለንብረቶች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጎማ ለመግዛት ስትነሡ ምርመራችሁን ከመጨረሻው እግር ጀምሩ። የተሳቢው የውስጥ ጎማ ሸክሙን የማይችል ከሆነ መኪናችሁ ለጉዞ ዝግጁ አይደለም፤ ፊት ላይ የታሰሩት ሁለት አዲስ ጎማዎች ይህን አይለውጡትም። ለተሳቢው የሚገባው ጎማ እስኪገኝ ድረስ ተሳቢውን ፍታችሁ አቁሙት።