ዝግባና ውርጭ

አንዲት አንባቢያችን ከደብረ ብርሃን ሲጠይቁ «በግቢዬ ዝግባ ብተክል ውርጩ ይፈጅብኛል ወይ?» ይላሉ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ ባሕር ዛፍ ብቻ ማየት ለሰለቸን ሰዎች በተለይ።

ዝግባ በአገራችን በብዛት የሚበቅለው ከ1500 እስከ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ጠርዙ ላይ ናት። ያደገ ዛፍ መጠነኛ ውርጭ ይችላል። ችግሩ ችግኙ ላይ ነው፤ ለጋ ቅጠሉን ውርጭ ያቃጥለዋል። ስለዚህ እኔ ብሆን የመጀመሪያውን በጋ በፕላስቲክ ከረጢቱ እንዳለ ከጣራ ክፈፍ ሥር አቆየውና በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ፣ ግድግዳ ጥግ እተክለዋለሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ሌሊት በሣር ይሸፍኑት፤ ጠዋት ይግለጡት።

ከዘር ለማፍላት ካሰቡ ትዕግሥት ይያዙ። የፍሬውን ሥጋ አጥበው ያስወግዱ። ውስጡ ያለው ቅርፊት እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር እንዲሁ ቢዘሩት ለመብቀል ወራት ይፈጅበታል። ፍሬውን ሳይጎዱ ቅርፊቱን በጥንቃቄ ሰንጠቅ ቢያደርጉት ይፈጥናል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ዝግባ ወንድና ሴት ዛፉ ለየብቻ ነው። ደኑ ተመንጥሮ ብቻዋን የቀረች ሴት ዝግባ፣ በአካባቢዋ ወንድ ከሌለ፣ የሚበቅል ዘር አትሰጥም። በዓይናችን ፊት ቆማ ዘሯ ይቋረጣል ማለት ነው። ችግኝ ሳለ ደግሞ ጾታው አይለይም። ስለዚህ እህቴ፣ አንድ ብቻ አይትከሉ፤ አምስት ስድስት ያፍሉና የተረፈውን ለጎረቤት ይስጡ።